አሥራ አራተኛው እርምጃ

ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ፣ ላውጋርዳልሾል በሚባለው የስፖርት አዳራሽ፣ የዓለም ቼዝ ሻምፒዮና ስድስተኛው ጨዋታ ሊጀመር ነው። የሶቪየት ኅብረቱ ቦሪስ ስፓስኪና አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር እስከዚያ ቀን ሁለት ተኩል ለሁለት ተኩል ናቸው። ነጮቹን የያዘው ፊሸር ስለሆነ ቀድሞ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በነጭ ሲጫወት እጁ ወዴት እንደሚሄድ ቼዝ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል፤ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋና ኢ4 ላይ ያቆመዋል። ለዓመታት እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። የዚያን ቀን ግን እጁ ወደ ሌላ ወታደር ሄደና ሲ4 ላይ አቆመው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ያ ዕለት በዚያ አቆጣጠር ጁላይ 23 ቀን 1972 ነው።)

አዳራሹ ውስጥ ለነበረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሲደረስ ጨዋታው የንግሥት ጋምቢት ሆነ፤ ፊሸር በነጭ በኩል ይዞት የማይታወቅ መክፈቻ። ስፓስኪ የመለሰው በታርታኮወር መከላከያ ነው፤ ጠንቅቆ በሚያውቀውና በሚተማመንበት። ፊሸር የባላጋራውን ደጅ አልፎ እስከ እልፍኙ ድረስ ገባ ማለት ነው። በአርባ አንደኛው እርምጃ ስፓስኪ እጅ ሰጠ። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ተሸናፊውም አብሮ አጨበጨበ።

ይህ ቀን ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የፊሸር ተሰጥዖ ነው። ተሰጥዖውን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን የጨዋታውን ወረቀት ይዞ እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። አሥራ አራተኛው እርምጃ ላይ ፊሸር ቢሾፑን ቢ5 ላይ አሳረፈ። ይህ እርምጃ የተወለደው ሬይክያቪክ ላይ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1970፣ ሞስኮ ውስጥ ሴምዮን ፉርማን ከየፊም ጌለር ጋር ሲጫወት ያው ቢሾፕ እዚያው ቤት ላይ አርፎ ነበር። ጌለር ደግሞ በ1972 ሬይክያቪክ ላይ ከስፓስኪ ጎን የነበረው ረዳቱ ነው።

ጨዋታው ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ወገን እኩል ሊያነበው ይችላል። እንዲያውም አንደኛው ወገን ጥቁሮቹን የያዘውን ሰው ራሱን አጠገቡ አስቀምጧል። ታዲያ ያ መዝገብ እንዴት ለሌላው መሣሪያ ሆነ? ይህን ለመረዳት ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ወረቀቶቹ መሄድ ያስፈልጋል።

ቼዝ ሊጻፍ የቻለው ተራ ስላለው ነው። ነጭ አንድ፣ ጥቁር አንድ እያለ ስለሚሄድ አንድ ሙሉ ጨዋታ በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን ገጽ ያገኘ ሰውም ሰሌዳ ዘርግቶ ጨዋታውን እንደ አዲስ ያስነሣዋል። በ1851 ለንደን ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር ተደርጎ አዶልፍ አንደርሰን አሸነፈ፤ በዓመቱ ሃዋርድ ስታውንተን የውድድሩን ጨዋታዎች በመጽሐፍ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ውድድሮች መጽሐፋቸውን እያስከተሉ መጡ፤ ለንደን ያልነበረ ሰውም የአንደርሰንን አእምሮ እቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት ቻለ።

የእኛው አገር ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ በዚህ በኩል አልታደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ባሳተመው ጥናት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አሰባስቧል። ሰንጠረዥ የሚከፈተው በወረራ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን እየቀየረ፣ የመጀመሪያው መብል እስኪሆን ድረስ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት እጅ እኩል የሚሯሯጥበትን ነገር የትኛው ጸሐፊ ተከትሎ ይመዘግበዋል? በወረራው ላይ የታየ ብልሃት ሁሉ ጠጠሮቹ ሲሰበሰቡ አብሮ ተሰብስቧል። አያቶቻችን እንዴት ይከፍቱ እንደነበር በእርምጃ ደረጃ የሚነግረን ገጽ ባለመኖሩ ከልቤ አዝናለሁ፤ ለተጻፈ ጨዋታ ያለኝ ክብርም ከዚሁ የመጣ ነው።

በ1943 የተወለደው ፊሸር ያደገው ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ነው። በ14 ዓመቱ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ያኔ የቼዝ ትልቁ ትንታኔ የሚታተመው በሩሲያኛ ስለነበር የሶቪየት መጽሔቶችን ለማንበብ የሚበቃውን ያህል ቋንቋውን ተማረ። ያነበበውን እንዴት እንደተጠቀመበት ግን የሚናገሩት ጨዋታዎቹ ናቸው፤ ሁለቱን ቀረብ ብዬ ላሳይ።

በ1960 አርጀንቲና ውስጥ፣ ማር ዴል ፕላታ በተደረገ ውድድር ላይ፣ የ17 ዓመቱ ፊሸር ጥቁሮቹን ይዞ ከስፓስኪ ጋር ተቀመጠ። ስፓስኪ የንጉሥ ጋምቢትን አነሣ፤ በሁለተኛው እርምጃ ኤፍ4 ላይ ወታደር አቀረበ፣ ፊሸር በላ፣ የነጭ ፈረስ ወደ ኤፍ3 ወጣ። ፊሸር የበላውን ወታደር ለማቆየት ሌላ ወታደር ጂ5 ላይ አደረገ። ስፓስኪ ከዳር በኤች4 ነካው፤ ፊሸር ወደ ጂ4 ገፍቶ ፈረሱን አባረረ፤ ፈረሱም ዘሎ ኢ5 ላይ፣ ሰሌዳው መሐል ተቀመጠ። ፊሸር በ29 እርምጃ ተሸነፈ። በውድድሩ መጨረሻ ሁለቱ በእኩል ነጥብ አንደኛ ቢሆኑም ያ ሽንፈት ከውስጡ አልወጣም።

በዓመቱ፣ በ1961፣ በአንድ የአሜሪካ የቼዝ መጽሔት ላይ የንጉሥ ጋምቢት ዋጋ የለውም የሚል ጽሑፍ አወጣ። መፍትሔው በሦስተኛው እርምጃ ላይ የምትደረግ አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ወታደርን አንድ ቤት ወደ ዲ6 መግፋት። ሰሌዳ ያለው ሰው ይሞክረው። ዲ6 ላይ የቆመው ወታደር ኢ5ን ይጠብቃል። ስለዚህ በኋላ ጥቁር ጂ5 ብሎ ጂ4 ሲገፋ የተባረረው ፈረስ ያንን መሐል ቤት አያገኝም። ወጣቱ ሽንፈቱን ሲመረምር መጨረሻ ላይ የሠራውን ስሕተት አይቶ አላቆመም፤ ፈረሱ ኢ5 ላይ የተቀመጠበትን ቅጽበት ይዞ ለምን ቻለ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ደስ የሚለው ደግሞ በ1963 እና በ1968 ራሱ ፊሸር በነጭ የንጉሥ ጋምቢትን ሲጫወት ፈረሱን ትቶ በሦስተኛው እርምጃ ቢሾፑን ወደ ሲ4 ማውጣቱ ነው። ሌሎችን ያስተማረውን መከላከያ እሱም አምኖበታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይልቅ ልቤን ይይዘዋል። በ1890 እና በ1891 የዓለም ሻምፒዮኑ ቪልሄልም ስታይኒትዝ ኒው ዮርክ ሆኖ፣ ሚኻኢል ቺጎሪን ሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ፣ በቴሌግራፍ ሁለት ጨዋታ ተጫወቱ። አንደኛው የሁለት ፈረሶች መከላከያ ነበር። በዘጠነኛው እርምጃ የስታይኒትዝ ፈረስ መሸሽ ነበረበት። ሰው ሁሉ ወደ ኤፍ3 ይመልሰው ነበር፤ እሱ ግን ወደ ኤች3፣ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ወሰደው። ጠርዝ ላይ ያለ ፈረስ ደካማ ነው ብሎ የማያስተምር የቼዝ መምህር የለም። ቺጎሪን አሸነፈ፤ ሁለተኛውንም ጨዋታ አሸነፈ። እርምጃውም ከሽንፈቱ ጋር አብሮ ተቀበረ።

በ1963 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ፖኪፕሲ በተባለች ከተማ፣ ፊሸር ከአርተር ቢስጋየር ጋር ሲጫወት ያንን ፈረስ ወደ ኤች3 ወሰደውና አሸነፈ። የ70 ዓመት አቧራ የያዘ ወረቀት ውስጥ ያየው ምንድን ነው? ፈረሱ ኤፍ3 ላይ ቢቀመጥ የጥቁር ወታደር ወደ ኢ4 ሲገፋ እንደገና ይመታል፤ ኤች3 ላይ ግን ያ ምት አይደርሰውም። የስታይኒትዝ ሽንፈት የመጣው ከዘጠነኛው እርምጃ በኋላ ነው፤ ዘጠነኛው እርምጃ በራሱ ጥፋት አልነበረበትም። መዝገቡ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ውጤት ለጨዋታው በሙሉ የተሰጠ ፍርድ እንጂ ለእያንዳንዱ እርምጃ የተሰጠ አይደለም። ብዙ አንባቢ ውጤቱን አይቶ ገጹን ይገለብጣል። ፊሸር በ1966 በሃቫናው የቼዝ ኦሊምፒያድም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል፤ ኢማኑኤል ላስከር በ1914 ካፓብላንካን ያሸነፈበትንና ከዚያ በኋላ እንደ አሰልቺ የተቆጠረውን የስፔን መክፈቻ የልውውጥ መንገድ በራሱ አቀራረብ አድሶ አነሣው።

እንዲህ ያለ ንባብ የፊሸር ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ሶቪየቶች ከማንም በፊት ሥርዓት አድርገውታል። ሚኻኢል ቦትቪኒክ በ1930ዎቹ ስለ ዝግጅት ሲጽፍ ተጫዋች የራሱን ጨዋታ ተንትኖ እንዲያሳትምና ሌላው እንዲተቸው ይመክር ነበር። በ1966 ደግሞ ቤልግሬድ ውስጥ በአሌክሳንደር ማታኖቪች መሪነት ኢንፎርማተር የተባለው ኅትመት ተጀመረ። ጨዋታዎችን ከየአገሩ እየሰበሰበ፣ ቃል በሌለው ምልክት እየተነተነ፣ ለማንኛውም ቋንቋ ተናጋሪ አደረሰ፤ በኋላም መክፈቻዎችን ሁሉ በ500 የመለያ ቁጥሮች ከፋፈላቸው። ከዚያ በኋላ ምስጢር ሆኖ የሚቆይ ጨዋታ ብዙም አልቀረም። ልዩነቱ ያለው አነባበቡ ላይ ነው።

ለ1972ቱ ግጥሚያ ሁለቱም ወገን ክምር ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። ፊሸር ኒው ዮርክ አጠገብ በካትስኪል ተራሮች ባለ መዝናኛ ሲዘጋጅ ከእጁ የማይለይ አንድ ወፍራም ቀይ መጽሐፍ ነበረው፤ ጀርመን አገር የታተመ የስፓስኪ ጨዋታዎች ስብስብ፣ 355 ጨዋታዎች ያሉበት። የቼዝ ማስተሩ ሮበርት ዌድም የስፓስኪን ጨዋታዎች አሰባስቦ ሰጥቶታል። ፊሸር መጽሐፉን በቃሉ ይዞት እንደነበር አብረውት የነበሩ ተርከዋል።

በሞስኮ በኩል ታላላቆቹ ግራንድ ማስተሮች ስለ ፊሸር አጨዋወት አስተያየታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ሰነዶቹ የታተሙት ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ነው። እነዚያ ሰዎች ጨዋታውን የሚያውቁ ነበሩ፤ ያዩትም እውነት ነበር። ፊሸር በመክፈቻ በኩል ጠባብ ነው፣ በነጭ ኢ4፣ በጥቁር ሲሲሊያን ወይም ኪንግስ ኢንዲያን ይጫወታል የሚለው እምነት ከመዝገቡ የተቀዳ ነው። ችግሩ መዝገብ የሚመሰክረው ሰውየው ያደረገውን ብቻ መሆኑ ነው። ፊሸርም የራሱ መዝገብ ሲነበብ ምን እንደሚል ያውቅ ነበር። ግጥሚያው ውስጥ በነጭ ሲ4፣ በጥቁር የአሌኪንን መከላከያ፣ ፒርክን፣ ኒምዞ ኢንዲያንን እያፈራረቀ አወጣ።

አሁን ወደ አሥራ አራተኛው እርምጃ ልመለስ። ይህን ጨዋታ የማጠናው የሚቀጥለውን መስመር በወረቀት ሸፍኜ፣ እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ ብዬ ጽፌ፣ ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ረጅም ጊዜ እቆያለሁ።

ሰሌዳው እንዲህ ነው። የነጭ ንግሥት ኤ3 ላይ ናት፤ የጥቁር ንግሥት ኢ7 ላይ። በሁለቱ መካከል፣ በዚያው ሰያፍ መስመር ላይ፣ የጥቁር ወታደር ሲ5 ላይ ቆሟል፤ ቢነቃነቅ ንግሥቱ ትጋለጣለችና ታስሯል። የጥቁር ሩኮች ኤ8 እና ሲ8 ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ቢ8 ላይ ገና ያልተንቀሳቀሰ ፈረስ አለ። የነጭ ንጉሥ ካስል አላደረገም። ፊሸር ቢሾፑን ቢ5 ላይ አኖረ። ያ ቢሾፕ የጥቁር ፈረስ እንደልቡ ዲ7 ላይ እንዳይወጣ ይይዘዋል።

ስፓስኪ ወታደሩን ወደ ኤ6 ገፍቶ ቢሾፑን ጠየቀው። ሲታይ ተፈጥሯዊ ነው፤ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ሸፍኜ ስገምት የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። ፊሸር ግን ቢሾፑን ወታደሩ አፍ ውስጥ እንዳለ ትቶ ሲ5 ላይ ያለውን በላ። ወታደሩ ቢሾፑን ቢበላው የኤ መስመር ይከፈትና የነጭ ንግሥት ኤ8 ላይ ያለውን ሩክ ትወስዳለች፤ ሌላው ሩክ እንዳይጠብቀው የራሱ ፈረስ ቢ8 ላይ ቆሞ ዘግቶታል። ስለዚህ ጥቁር በሌላ ወታደር መልሶ በላ፣ ሩኩን ወደ ኤ7 አወጣ፣ ቢሾፑም በሰላም ወደ ኢ2 ተመለሰ። የቀረው ምንድን ነው? ሲ5 እና ዲ5 ላይ ጎን ለጎን የቆሙ፣ ከጎናቸው ሌላ ወታደር የማይደግፋቸው ሁለት የጥቁር ወታደሮች።

የመክፈቻ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ 15ኛው ወይም 16ኛው እርምጃ ላይ ነጭ ይሻላል ብሎ ያቆማል፤ አንባቢውም ያቆማል። የዚህ መክፈቻ ትርጉም ግን የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ19ኛው የፊሸር ፈረስ የጥቁርን ቢሾፕ ኢ6 ላይ በላ። በ20ኛው የነጭ ወታደር ወደ ኢ4 ሄዶ ሁለቱን ወታደሮች ጠየቀ፤ ስፓስኪ አንዱን ወደ ዲ4 ገፋ። ያኔ ነጭ ቀለም ያላቸው ቤቶች ባዶ ቀሩ፤ ያው የአሥራ አራተኛው እርምጃ ቢሾፕ በ23ኛው ሲ4 ላይ ተቀምጦ ወደ ጥቁር ንጉሥ አቅጣጫ ያይ ጀመር። የነጭ የኤፍ መስመር ወታደር በኤፍ4 አልፎ ኤፍ5 ደረሰ፣ ሁለቱ ሩኮች በኤፍ መስመር ተደራረቡ፣ በ38ኛው አንዱ ሩክ ኤፍ6 ላይ የቆመውን ፈረስ በልቶ ራሱን ሰጠ። ከሦስት እርምጃ በኋላ አበቃ። ቢ5ን ያለዚህ ሁሉ በቃል የያዘ ሰው የያዘው የቤቱን ስም ብቻ ነው።

የሶቪየት ወገን ንባብም ፍሬ አላፈራም ብሎ መጻፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ11ኛው ጨዋታ ፊሸር ወደሚወደው ወደ ናይዶርፍ ሲሲሊያን ተመልሶ፣ ንግሥቱን አርቆ ልኮ፣ የተመረዘ የሚባለውን የቢ2 ወታደር በላ። ስፓስኪ በአሥራ አራተኛው እርምጃ (ቁጥሩ መግጠሙ አጋጣሚ ነው) ፈረሱን ወደ ኋላ፣ ወደ ተነሣበት ቢ1 መለሰው። የጥቁር ንግሥት መውጫ እያጣች ሄደች፤ ፊሸር በ31 እርምጃ ተሸነፈ። እዚያ ጨዋታ ላይ የፊሸር መዝገብ የተናገረው ልክ ነበር፤ ስፓስኪም ለዚያ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ግጥሚያው ግን መስከረም ሳይጠባ፣ በሴፕቴምበር 1፣ 12 ተኩል ለ8 ተኩል በፊሸር አሸናፊነት ተዘጋ።

የቀረው የጌለር ጉዳይ ነው። በ1970 ጥቁሮቹን ይዞ ቢ5ን ያየው ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም ነበር። መልሱን አግኝቶ ከግጥሚያው በፊት ለስፓስኪ አሳይቶት እንደነበር፣ ስፓስኪም ሰሌዳው ላይ ሲደርስ እንደረሳው ይተረካል። ይህ በቃል የመጣ ምስክርነት ነው፤ የአንድ ሰው ትዝታ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን የሚደግፈው ወረቀት አለ። በ1973 ሆላንድ ውስጥ፣ ሂልቨርሱም፣ ወጣቱ ያን ቲማን ነጮቹን ይዞ ከጌለር ጋር ተቀመጠ፤ ጨዋታውንም ፊሸር ቢ5ን ወደተጫወተበት ቦታ አመጣው።

ጌለር ኤ6ን አልነካም። ንግሥቱን ከእስሩ አውጥቶ ቢ7 ላይ አኖራት፤ ቢ6 ላይ ያለው ወታደር ሲነሣ ከዚያ ቢሾፑን ታያለች። ቲማን ሲ5 ላይ በላ፣ በሩክም በላ፣ ሩኮች ተለዋወጡ፣ የነጭ ንግሥት ሲ5 ላይ ቆመች፤ አንድ ወታደር ተርፏል። ያኔ ያ ቢ8 ላይ የተቀመጠው፣ ሬይክያቪክ ላይ የራሱን ሩክ ዘግቶ የነበረው ፈረስ ወደ ኤ6 ዘለለ። የነጭ ቢሾፕ በላው፤ የጥቁር ንግሥት መልሳ በላችና ኤ6 ላይ ቆመች። ከዚያ ቤት ሰያፉ መስመር በቀጥታ ኤፍ1 ላይ ያርፋል፤ የነጭ ንጉሥ ካስል ሲያደርግ የሚያልፍበት ቤት ላይ። ንጉሡ መሐል ቀረ። ቲማን በትርፍ ወታደሩ ሳይጠቀም ተሸነፈ።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አሥራ አራተኛው መስመር ግማሽ ላይ ሰሌዳው አንድ ነው። አንደኛው ላይ በጥቁር በኩል ኤ6 ይላል። ሁለተኛው ላይ ንግሥት ቢ7።